ፊት የሌለው ግድግዳ

በቀደም ወደ ተወለድሁበት ደብር የሄድሁት ለወንድሜ ተዝካር ነበር። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በአውቶቡስ፣ ከቡሬ ወዲያ በበቅሎ፤ በዚህ ዕድሜዬ በቅሎ ላይ መውጣቱ ራሱ አንድ ጀብዱ ነው። ገና ከቅጥሩ ሳልገባ፣ ከጎጆው ደጃፍ የተቀመጠ አንድ የቆሎ ተማሪ የቀለም ቀንዱን ከፍቶ ብርዑን ሲነክር፣ ዓይኔ ያላየውን አፍንጫዬ አወቀው። የሻገተ ገብስ፣ የድስት ቂጥ ጥላሸት፣ የበሰበሰ ቅጠል። ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱን ያዞራል። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ተማሪው የደከመኝ መስሎት መቀመጫ ላምጣልዎ ሲለኝ፣ አልደከመኝም አልሁት፤ ዘጠኝ ዓመቴ ተመልሶ መጥቶብኝ ነው እንጂ።

ገብቼ ስሳለም ደግሞ ከመቅደሱ ግድግዳ ሥር መሰላል ቆሞ አየሁ። ሁለት ወጣቶች ባልዲ ውኃና ቢላዋ ይዘው ጥቁሩን ፍቀው ከሥሩ ያለውን ሊያወጡ ተዘጋጅተዋል። ደሜ ፈላ። ከነሱ ጋር የተባባልነውን ኋላ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግድግዳው ለምን እንደ ጠቆረ ይታወቅልኝ።

ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ሠርቶ ከተቀመጠ በኋላ የመጣ ክረምት ነው። አባቴ አስረስ ጫካ ከገባ ዓመት አልፎት ነበር። እኔና እናቴ የምንኖረው ከእናቴ አባት ከመሪጌታ ቢያድግልኝ ጋር ነው። ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔ አባባ እላቸዋለሁ። የደብሩ ሰዓሊ እሳቸው ናቸው። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሲስሉ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ጥግ ብቅ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ።

እሳቸውና አባቴ አይዋደዱም። አባባ እናቴን ለአንድ የአለቃ ልጅ አጭተዋት ሳለ አባቴ መጥቶ ልቧን ወሰደው፤ እሷም ሌላ አላገባም ብላ ድርቅ አለች። ግትርነት በቤታችን የዘር ነው። እናቴ ሁለት ልጆች ቀብራ እኔ ስተርፍላት፣ አባቴ ለጊዮርጊስ የተሳለውን ስለት ሊያደርስ ለመቅደሱ ግድግዳ የሚለጠፍ አቡጀዲ ከቡሬ አምጥቶ ሰጠ። በወጉ ስለት ያገባ ሰው ከሰማዕቱ ፈረስ እግር ሥር እጁን ዘርግቶ ይሳላል። ፊቱ የማንም ፊት ነው፤ ስሙ ከጎኑ ስለሚጻፍ መልኩን የሚሻ የለም። አባባ ግን ወጉን ጥሰው የአባቴን የራሱን ፊት ሳሉት፤ ወደ ግራ የጎበጠው አፍንጫው፣ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለችው ጠባሳ ሳይቀሩ። ከጎኑም ሌሎች የስለት ሰዎችን እንዲሁ በየመልካቸው ደረደሯቸው። ሕዝቡ ለቅዳሴ ሲመጣ መጀመሪያ ሥዕሉን፣ ከዚያ ዘወር ብሎ አባቴን እያየ ይስቅ ነበር። አማቻቸውን ባይወዱትም አጥንተውታል ይባል ነበር።

እኔ ደግሞ አባቴ ጫካ ከገባ ወዲህ አባት የምለው ያን ሥዕል ነው። ቅዳሴ ሲያልቅ ጠጋ ብዬ የቤታችንን ወሬ እነግረዋለሁ። ፍየላችን መንታ መውለዷን ከሁሉ ቀድሞ የሰማው እሱ ነው።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ጌጤ የምትባል በርበሬ ነጋዴ ጎረቤታችን ከቡሬ ገበያ ወሬ ይዛ መጥታ ለአባባ በጆሯቸው ነገረቻቸው። እኔ ያን ቀን ያየሁት የሁለት ሰው ሹክሹክታ ብቻ ነው፤ ነገሩን ግን አሁኑኑ ልንገራችሁ። አባቴና ጓደኞቹ እህል የጫኑ ገበሬዎች መስለው ቡሬ ገበያ እየገቡ፣ ጨውና ጥይት ይዘው ይወጡ ነበር። በር የሚጠብቁት ወታደሮች ስሙን እንጂ መልኩን አያውቁም። አባቴ እስከዚያ ድረስ በሕይወት የቆየው በዚህ ነው። እንግዲህ አንድ ከዳተኛ ለምሽጉ አዛዥ፣ የአስረስ ፊት ከነጠባሳው ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተስሎልዎታል ብሎ ነገረው። አዛዡም የፈጣም ወንዝ ሲጎድል ፎቶ አንሺ ይዞ ሊመጣና ሥዕሉን አስነሥቶ ለየኬላው ሊያድል ቆረጠ።

አባባ ይህን ነገር የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ለሚጠብቁት ለቄሰ ገበዙ ብቻ አማከሩ። ለእናቴ እንኳ አልነገሯትም፤ ስትቆጣ አፏን አትይዝም። ለኔም አልነገሩኝም። በማግሥቱ አንድ የተሰበረ የጋን ገል አስያዙኝና ከየቤቱ የድስትና የምጣድ ጥላሸት ፍቄ እንዳመጣ ላኩኝ።

ያን ክረምት ያላንኳኳሁት ደጃፍ የለም። የኔታ የዳዊት መጽሐፍ ሊጽፉ ነው እያለ ሰዉ ደስ ብሎት ሰጠኝ። አንዳንዷ ሴትዮ ደግሞ፣ እንግዲያስ ይህንንም ፋቂልን እያለች የዓመት ጥላሸት ያለበትን ድስት ሁሉ ታወጣልኝ ነበር፤ የጽድቅም የድስት ማጽዳትም ሥራ ነውና። ጥላሸቱን ካረረ ገብስ ጋር ወቅጠን፣ በግራር ሙጫና በቅጠል ውኃ አሽተን እንስራ ውስጥ ጨመርነው። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ማማሰል ሆነ። ጠዋትም ማታም አማስላለሁ፤ ፀሐይ ብልጭ ካለች እንስራውን አንከባልዬ አወጣለሁ፤ ደመና ሲመጣ አስገባለሁ። ያልበሰለ ቀለም በጣት ሲነካ ይረግፋል፤ ክረምቱን ሙሉ መሽተት አለበት። ሸተተም። እናቴ እንቅልፍ ነሳኝ ብላ አልጋዋን ወደ ጓዳ አዛወረች። ጓደኞቼ ከኔ አጠገብ መቀመጥ ተዉ፤ እኔም ጣቴን ነክሬ እያባረርሁ እቀባቸው ነበር።

በሌላው ዓመት ለደብሩ ሁሉ አንድ ቀንድ ቀለም ይበቃ ነበር። አሁን አንዱ እንስራ ሞልቶ ሁለተኛው ተጀመረ። እኔ አባባ ረጅም፣ በጣም ረጅም መጽሐፍ ሊጽፉ ነው ብዬ ገመትሁ። ለብራናው ስንት ፍየል ሊታረድ እንደሆነ አስቤ የኛይቱ አንጀቴን በላችው፤ ጠዋት ጠዋት አባባ ሳያዩ ርቃ እንድትግጥ አባርራት ነበር።

ሐምሌ ላይ አባባ ከሳንቃ ላይ አቡጀዲ ለጥፈው መሞከር ጀመሩ። መጀመሪያ ዝም ብለው ድፍን ጥቁር ቀቡት። አዩት፣ አልወደዱትም። እንደ ሱሪ እራፊ ነው አሉ፤ እራፊ ሲያይ ሰው ሁሉ የተቀደደውን ይጠይቃል። ሌላ ጨርቅ ለጥፈው ጋራ ጀመሩ፤ ጥንቅቅ ያለ፣ ዛፉና ቤቱ የተለየ ጋራ። እሱንም ጠሉት። ይህን እያሉ ሳለ ከቀትር በኋላ ያ የጎጃም ዝናብ መጣና ጣራችን ሳንቃው ላይ አፈሰሰ። ቀለሙ ሟሟ። ጥቁሩ ወደ ታች ሸሸ፣ ጫፉ ሳሳ፣ ጭስ መሰለ። ሥራቸው ተበላሸ ብዬ እየጮህሁ ሳንቃውን ላነሣ ስሮጥ ክንዴን ያዙኝ።

"ተይው፤ ይሥራ።"

ቁጭ ብለው ዝናቡ ሲሠራ አዩ። የጋራው ዛፍ ጠፋ፣ ቤቱ ጠፋ፣ ጋራው ግን ቀረ። እንዲያውም ከቅድሙ ይልቅ ጋራ ሆነ። የክረምት ጠዋት ከደጃችን የምናየው፣ ሰው ይኑርበት አይኑርበት የማይታወቀው ጋራ። አባባ እስከዚያ ቀን ድረስ ቀለም ሲፈስባቸው የሚራገሙ ሰው ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ ጨርቁን አስቀድመው በውኃ ያርሱታል፤ የፍየል ጠጉር ከዱላ ላይ አስረው ባበጁት ብሩሽ አንድ ጊዜ ይስቡበታል፤ ሳንቃውን ያዘነብሉታል። የፈረስ ጋማ ጠጉር በጠጉር ሲለቅሙ የኖሩት ሰው ፈረስን በሦስት መስመር ጨረሱት። አንገት፣ ጀርባ፣ ጭራ፤ እግር እንኳ የለውም። እኔ ዓይናቸው ጠፋ ብዬ ደመደምሁ። ለእናቴ ነገርኋትና እሷም ደንግጣ ማለዳ ማለዳ ጠበል ታመጣላቸው ጀመር። እሳቸውም ምስጢሩን ከሚያወጡ ብለው ያለ አንድ ቃል ፊታቸውን እየታጠቡ፣ ተሻለኝ ልጄ ይሉ ነበር።

ጳጉሜን ላይ ቄሰ ገበዙ ከመቅደሱ ግድግዳ ፊት መጋረጃ ዘረጉ፤ ጣራው አፍስሶ ልጥፉ እየተጠገነ ነው ተባለ። እኔ ቀለሙን ተሸክሜ ተከተልኋቸው። አባባ ሰማዕቱን ተሳለሙ፤ ከዚያ ሌላውን ሁሉ ትተው በቀጥታ ወደ አባቴ ፊት ሄዱና ብሩሹን አነሡ።

የዚያን ጊዜ ገባኝ፤ ማለቴ የገባኝ መሰለኝ። ክረምቱን ሙሉ ያማሰልሁት ቀለም አባቴን ለማጥፋት ነው። ፊቱ ከቤተ ክርስቲያን የጠፋ ሰው በሕይወት እንደማይቆይ ከልጆች ሰምቼ ነበር። እንስራውን አስቀመጥሁና የእጃቸውን አንጓ ነከስኋቸው። አጥብቄ።

"ምነው የሺ?" አሉኝ፣ እጃቸውን ሳይነጥቁ።

"ሊገድሉት ነው። እንደማይወዱት አውቃለሁ።"

ብሩሹን አስቀምጠው መሬት ላይ ተቀመጡና ነገሩን ሁሉ ነገሩኝ፤ የጌጤን ወሬ፣ ፎቶ አንሺውን፣ ወንዙን። እንደ ትልቅ ሰው ሲነገረኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ለምን ጨርቁን ቀድደን አንደብቀውም አልኋቸው። ባዶ ግድግዳ ካዩ ደበቃችሁ ብለው ደብሩን ያቃጥሉታል አሉ። እንግዲያስ ለምን ሌላ ፊት አይስሉበትም አልሁ።

"የማንን? የማንንም ፊት ባደርግ፣ እሱን የመሰለ ሰው ገበያ ሲወጣ ይሰቀላል። ከልቤ ብፈጥርም እግዜር አንድ ቦታ ፈጥሮት ይገኛል።"

"የኔን ያድርጉበት።"

ሳቁ። በቤተ መቅደስ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። "አንቺማ የሱን አፍንጫ ይዘሽ" አሉና አፍንጫዬን ቆነጠጡኝ። ከዚያ ብሩሹን ነክረው ለኔ ሰጡኝ። ከማንም እጅ ያንቺ እጅ ይሻለዋል፣ ሸፍኚው አሉኝ። እኔም ተጠግቼ፣ አባዬ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ጋቢህን ልበስ አልሁትና ፊቱን ሸፈንሁት። እያለቀስሁ ነው።

ሥራው እስከ መስቀል ዋዜማ ፈጀ። የሌሎቹም የስለት ሰዎች ፊት ተራ በተራ ወደ ጭጋጉ ገባ። ከታች ብቻ ቢጠቁር እራፊ ይሆናልና አባባ ግድግዳውን ሙሉ ያዙት። ዘንዶው ገደል ሆነ። የልዕልቲቱ ዛፍ ዝናብ ሆነ። የሰማዕቱን ሁለት ዓይኖችና የፈረሱን ነጭ አልነኩም፤ ነጩን በዙሪያው ጥቁር ሲያጠግቡት ፈረሱ ከቀድሞው ይልቅ የሚሮጥ መሰለ። የቀረው ሁሉ ጋራ በጋራ ላይ፣ ጉም በጉም ላይ ነው። አንድም የሰው ፊት የለም።

በመስቀል ማግሥት መጋረጃው ሲገለጥ ሕዝቡ አበደ ማለት ይቀላል። ሴቶች ደረታቸውን መቱ። አንዱ ሽማግሌ ቤተ ክርስቲያናችንን ጥላሸት ቀባው ብለው ከዘራቸውን አነሡ። የስለት ሰዎቹ ቤተሰቦች ፊታችንን መልስ አሉ። ቄሰ ገበዙ አንገታቸውን ደፉ። አባባ አንድ ቃል አልመለሱም፤ ለአንድ ሰው የተነገረ ቡሬ ይደርሳል። ብቻ አንድ ውዝ የሚባል ገበሬ፣ ከግርግሩ ኋላ ቆሞ ግድግዳውን ሲያይ ቆየና፣ ሳይታወቀው ጋቢውን ወደ ራሱ ሳበ፤ ዝናብ ሲመጣ እንደሚደረገው። አባባ አዩት። ስመለከታቸው ምላሳቸው በከንፈራቸው ጥግ ወጥቷል።

እናቴ ግን ከሁሉ ከፋች። አባቷን ፊት ለፊት፣ በሕይወት እያለ ቀበርኸው አለቻቸው፤ አንተ ብላ። ከዚያ ወዲያ እራታቸውን ታቀርባለች እንጂ አታናግራቸውም። እኔ ምላሴ ሊፈነዳ ነበር፤ ግን ቃል ገብቻለሁና ዋጥሁት። ዛሬም ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የሚከብደኝ ያ ዝምታ ነው።

በጥቅምት ፈጣም ጎደለና መጡ። እኔና አባባ ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነበርን፤ እሳቸው አንዱን ጥግ ያድሳሉ፣ እኔ እንስራውን እይዛለሁ። አባባ በመስኮት አዩና ወደኔ ዞሩ። ፊቴን ትክ ብለው አዩት፤ እንግዳ ሰው ያዩ ያህል። ከዚያ መዳፋቸውን እንስራው ውስጥ ነክረው ከግንባሬ እስከ አገጬ አንድ ጊዜ ሳቡብኝ፤ ደግመውም ሳቡብኝ። ዓይኔ ተቃጠለ። ምን አጠፋሁ ብዬ ልጮህ ስል አዛዡ ከነጫማው ገባ።

ከኋላው ፎቶ አንሺው ባለ ሦስት እግር ሣጥኑን ተሸክሟል። አስተርጓሚው ጫማውን ደጅ አውልቆ ነው የገባው፤ ይህን አልረሳለትም። አዛዡ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አየ፣ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ በጅራፉ ጫፍ ጉሙን ነካካ። የአስረስ ፊት የታለ ብሎ አስጠየቀ።

አባባ አንዱን ጋራ አሳዩት። "ይኸው።"

ይህ ጋራ ነው አለ አዛዡ በአስተርጓሚው።

"እውነቱን ነው፤ ጋራ ነው። አስረስ እዚያው ውስጥ ነው። ፊቱን ማየት ከፈለገ ይውጣና ይፈልገው።"

አስተርጓሚው ወደ አባባ ዞረ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የኔታ ይህን ልንገረው አላቸው። እንዳልሁት ንገረው አሉት። ነገረው።

አዛዡ አባባን በጅራፉ እጀታ መታቸው፤ ወድቀው ተነሡ። ከዚያ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። አንድ ክንድ ከማይሞላ ርቀት ያንን ሲፈልገው የመጣውን አፍንጫ ትክ ብሎ አየው። ይህች ምንድን ናት አለ። ቀለም የምትበጠብጥ ልጅ ናት አለው አስተርጓሚው። አዛዡ ሳቀና አለፈኝ። ፎቶ አንሺው ሣጥኑን ሳይዘረጋ መልሶ ተሸከመው። አባባን የኋሊት አስረው ይዘዋቸው ሄዱ።

ቤት ስደርስ እናቴ ውኃ አምጥታ፣ ምን አድርገውሽ ነው እያለች እየተቆጣች ታጥበኝ ጀመር። ጥቁሩ በጉንጬ ወረደ። ቅንድቤ ወጣ፣ ከዚያ አፍንጫዬ ወጣ። እናቴ እጇ ቆመ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። እኔም የዚያን ጊዜ ሁሉን ነገርኋት። ከውኃው አጠገብ መሬት ላይ ዘፍ ብላ፣ አባቴን፣ አባቴን እያለች አለቀሰች፤ የኔን አባት ሳይሆን የሷን።

በየገበያው ቀን ስንቅ ተሸክማ ቡሬ እስር ቤት ተመላለሰች። አባባ ለገና ተለቀቁ። የቀኝ እጃቸውን ጣቶች ሰብረዋቸው ነበር፤ ጣቶቹ ጠማማ ሆነው ገጠሙ፤ ከዚያ ወዲያ ብሩሽ አልያዙም። ይህን ሳስብ ዛሬም ያን አዛዥ ይቅር አልለውም፤ ካህኑም ይቅር በዪ ሲሉኝ እሺ ብዬ አላውቅም። ያን ዓመት ግን በዚያ ገበያ በር አንድም የደብራችን ሰው አልተያዘም። አባቴም ለጨውና ለጥይት ሲገባና ሲወጣ ኖሮ፣ ጣልያን ሲወጣ በእግሩ መጣ። ከግድግዳው ፊት ቆሞ ራሱን ፈልጎ ፈልጎ አጣና፣ አሳምረው ደበቁኝ አላቸው። አባባም፣ ለመደበቅ እንኳ አስቸጋሪ ፊት ነበረህ አሉት። ከዚያ በፊት ሁለቱ አብረው ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ወደ መሰላሉ። ወጣቶቹ ክፉዎች አይደሉም። ከጥቁሩ ሥር የጥንት ሥዕል አለ፣ ቅርስ ነው፣ ጥላሸቱን አጥበን ቀለሙን ልናወጣው ነው አሉኝ። እኔም ጥላሸቱ ከየቤታችሁ ድስት የተፋቀ ነው፣ የፋቅሁትም እኔ ነኝ አልኋቸው። ሄጄ ከመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን ላይ ተቀመጥሁ። የአሮጊት ጥቅሟ ይህ ነው፤ ጎትቶ የሚያነሣት የለም። ነገሩን ሁሉ ለናንተ እንዳወራሁት አወራሁላቸው።

ትንሹ ልጅ ሰምቶ ሲያበቃ በአክብሮት እጁን አጣምሮ፣ "እማማ፣ ከሥር ያለውን ሰው አንድ ጊዜ ማየት አይገባንም?" አለኝ።

ነጠላዬን ከፊቴ አወረድሁና ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞርሁ። አፍንጫዬ ዛሬም ወደ ግራ እንደ ጎበጠ ነው።

"እይ እንግዲህ" አልሁት።

ልጁ አየ። ቆይቶ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ባልዲውን አነሣና ውኃውን ደጅ ሊደፋ ወጣ። ጓደኛውም ቢላዋውን ከኪሱ ከተተ። እኔ ግን መሰላሉን የሚሸከም ሌላ ሰው እስኪጠሩ ድረስ ከላዩ አልተነሣሁም።